«ወንዙን አውቀዋለሁ» ለሚሉ አባት

የዛሬዋ ጠያቂያችን የጻፈችው ይህን ነው፦

«ሰላም እትዬ። የምኖረው ከጅማ በሚኒባስ አንድ ሰዓት በማይሞላ ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። አስተማሪ ነኝ። ቤታችን ወንዝ ዳር ነው፤ ከጓሯችን እስከ ውሃው 50 እርምጃ ቢሆን ነው። አባቴ 75 ዓመታቸው ነው። እናቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። አሁን ሁለታችን ብቻ ነን (ላማችንም አለች፤ እሷን ጥዬ የት እሄዳለሁ ይላሉ)። አምና ነሐሴ ላይ ውሃው ሌሊት ጓሮ ገብቶ በቆሎውን ጠራርጎ ሄደ። በራችን ላይ ደርሶ ተመለሰ። ዘንድሮ ክረምቱ ከአምናው ይብሳል። ዝናብ በጣለ ቁጥር ባትሪ ይዤ መስኮት ላይ ነው የማድረው። ወንድሜ አዲስ አበባ ነው፤ ‹አምጪያቸውና እዚህ ይኑሩ› እያለ በስልክ ይቆጣኛል። እሳቸው ደግሞ ‹ይህን ወንዝ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ አውቀዋለሁ› ይላሉ። ባለፈው ሳምንት ትዕግሥቴ አለቀና ጮህኩባቸው። ‹እርስዎም ሊሞቱ ነው፣ እኔንም ሊገድሉኝ ነው› አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ በቀር ወሬ የለንም። ያቀረብኩላቸውን ምግብ ነካ አድርገው ይተዉታል። የቀበሌ ሰዎች መጥተው በግድ ያስነሷቸው? ወይስ ዝም ልበል? የወንዝ ዳር ልጅ ነኝ።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ያነበብኩት ማታ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ እየወረደ። ባትሪ ይዘሽ መስኮት ላይ እንደምታድሪ ሳነብ አንጀቴን በላሽው።

ከጩኸቱ ልጀምር። የፈራ ሰው ይጮኻል። አባትሽም ይህን ያውቃሉ፣ ልጆች አሳድገዋል። ግን «ሊሞቱ ነው» የሚለው ቃል ከልጅ አፍ ሲወጣ ይከብዳል፤ ሚስቱን ለቀበረ ሰው ደግሞ የባሰ። ነገ ጠዋት ቡናውን አፍይና አጠገባቸው ቁጭ በይ። ለጩኸቱ ይቅርታ ጠይቂ። ለፍርሃትሽ ግን ይቅርታ አትጠይቂ። «አባዬ፣ የጮህኩት ፈርቼ ነው፤ አሁንም እፈራለሁ» በያቸው። ከዚያ ዝም በይ። በዚያ ቀን ቤት ስለመልቀቅ አታንሺ። ወንድምሽንም አትጥቀሺ። አንድ ቀን ያለ ክርክር ቡና ጠጡ።

ስለ «በግድ» ደግሞ የራሴን ልንገርሽ። ያደግሁት ጅማ ነው። የአያቴ ቤት ከአዌቱ ወንዝ ብዙም አይርቅም ነበር። ልጅ እያለሁ አንድ ክረምት፣ ሌሊት፣ ውሃው ገባ። አያቴ አልወጣም አለች። ሁለት አጎቶቼ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ተሸክመው አወጧት። ተረፈች። እኛ ተመስገን ስንል እሷ ግን ለወራት የምትጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ «በሩን ማን ዘጋው?» ማንም አልዘጋውም። ቤቷን ክፍቱን ጥላ፣ በሌሊት ልብሷ፣ ጎረቤት እያያት መውጣቷ ነው ውስጧን ያሳመማት። አንደኛውን አጎቴን እስከ ፋሲካ አላናገረችውም።

ውሃው ግድግዳው ላይ የተወው ቡናማ መስመር ከአልጋዋ በላይ አንድ ክንድ ይሆናል። አክስቴ በየዓመቱ ኖራ ትቀባው ነበር። ኖራው ሲደርቅ መስመሩ ተመልሶ ይታያል። ያንን መስመር እያየሁ ስላደግሁ፣ አጎቶቼ ልክ አልነበሩም ብዬ በፍጹም አልነግርሽም። ተሸክመው ባያወጧት ኖሮ አያት አልነበረኝም። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ከዚያ ሌሊት በፊት፣ ፀሐይ እያለ፣ ማንም ቁጭ ብሎ «ውሃ ቢመጣ በሩን ማን ይዝጋ? ምን ይዘን እንውጣ? ማን ጋ እንደር?» ብሎ አልጠየቃትም።

ስለዚህ ቀበሌ አትላኪባቸው። ዝምም አትበይ። እንደኔ እንደኔ፣ አንቺና ወንድምሽ ሁለት ጥያቄ በአንድ ቋጥራችሁ ነው የምትከራከሩት። አንዱ «አባዬ የት ይኑሩ?» ነው። ሌላው «ውሃ በመጣ ሌሊት የት ይደሩ?» ነው። የመጀመሪያው ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ይፍጅ። ሁለተኛው ግን በዚህ ሳምንት ማለቅ አለበት። «ይልቀቁ» ስትያቸው የሚሰማቸው እናትሽ የኖረችበትን ቤት ጥለው እንዲሄዱ ነው። «ዛሬ ሌሊት እነ እንትና ቤት እንደር» ግን ሌላ ነገር ነው። ሲነጋ ይመለሳሉ።

«ወንዙን አውቀዋለሁ» ሲሉሽ ደግሞ አትከራከሪ። ያውቁታል። ይልቅ እውቀታቸውን ሥራ ላይ አውይው። አንድ ከሰዓት ዝናቡ ሲያባራ ይዘሻቸው ወንዝ ዳር ውረጂ። ጠይቂያቸው። ውሃው ከመሙላቱ በፊት መልኩ ምን ይመስላል? ቀልቶ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣት ሲጀምር ከዚያ ስንት ጊዜ ይቀራል? ድንጋይ እየተንከባለለ የሚያጉረመርመው መቼ ነው? ሞልቶ የነበረ ውሃ ድንገት ሲጎድል አይተው ያውቃሉ? ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው ያታልላል። ጎደለ ብሎ ይተኛል። አንዳንዴ ግን ከላይ ግንድና ቆሻሻ ተከማችቶ ዘግቶት ነው፤ ሲበጠስ በአንዴ ይወርዳል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው በከንቱ አይደለም።

ከዚያ አብራችሁ ምልክት ሥሩ። ዳር ላይ ሥር የሰደደ ዛፍ ካለ ግንዱ ላይ፣ ከሌለ አጥብቃችሁ የተከላችሁት የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ። ከመስኮትሽ በባትሪ የሚታይ ይሁን። ሁለት ቀለበት ቀቡበት፦ ታች ነጭ፣ ላይ ቀይ። ከፍታውን እሳቸው ይወስኑ፣ ቀለሙንም እሳቸው ይቀቡ። ውሃው ነጩን ሲነካ ሁላችሁም ትነሳላችሁ፣ ጫማ ትጫማላችሁ፣ ላሟ ትወጣለች። ቀዩን ሲነካ ትወጣላችሁ። በቀዩ ላይ ክርክር የለም። ከነጭ እስከ ቀይ ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት ደግሞ በየጊዜው ጻፉ። ውሃው የቱ ጋ እንደደረሰ ብቻ ሳይሆን በምን ፍጥነት እየመጣ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋችኋል።

ቀዩን ስትቀቡ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ሰው ሁሉ የሚያስበው የቤቱን በር ነው። ወሳኙ በሩ አይደለም፤ መውጫ መንገዳችሁ ላይ ያለው ዝቅ ያለ ቦታ ነው። በራችሁ ደረቅ ሆኖ መንገዱ ሊዘጋባችሁ ይችላል። ቀዩ ቀለበት ያ ቦታ ውሃ ከመያዙ በፊት መሆን አለበት። ቀዩ ላይ ደርሳችሁ መንገዱ ተዘግቶ ካገኛችሁት፣ በውሃው ውስጥ ለመሻገር አትሞክሩ። ጉልበት የማይደርስ ፈጣን ውሃ ጎልማሳ ሰው ይጥላል። አንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ነው፣ አሥር ኩንታል። ያንን የሚገፋ እግር የለም።

አሁን ለአባትሽ በአክብሮት መንገር ያለብሽ ከባዱ ነገር ይመጣል። እሳቸው የሚያውቁት ወንዝና የዛሬው ወንዝ አንድ አይደሉም። ጅማ ዙሪያ ጨፌ ማለት ዝናቡን ጠጥቶ ቀስ እያለ የሚለቅ መሬት ነበር። የጅማውን የቦዬ ጨፌ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዛሬ ጨፌው ለጡብ ጭቃ ይቆፈራል፣ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል፣ ተደልድሎ ቤት ይሠራበታል። ላይ ደጋው ላይ ደግሞ ዳገቱ ሁሉ ታርሷል። ሣር ላይ የወረደ ዝናብ ይሰርጋል። ቆርቆሮና አስፋልት ላይ የወረደ ግን ሳይውል ሳያድር ወንዝ ይገባል። ድልድዩ ሥር ያለው ቱቦ በፌስታልና በጫት ገረባ ሲደፈን ውሃው በጎን ነው የሚወጣው። በሰኔ ያልሞላ ወንዝ በነሐሴ ሊሞላ የሚችለውም መሬቱ ያኔ ጠግቦ ስለሚያድር ነው፤ ተጨማሪ ዝናብ መዋጥ አይችልም።

ሌሊት የሚመጣበትም ምክንያት አለው። ከሰዓት ደጋው ላይ የዘነበው ታች እስኪደርስ ይመሻል። እናንተ ሰፈር ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ የራሳችሁን ሰማይ ብቻ አትዩ፤ ደጋው የጠቆረ ዕለት ባትሪሽን ቻርጅ አድርጊ። ከናንተ በላይ፣ ወንዙ ከሚመጣበት በኩል፣ ዘመድ ወይም የሥራ ባልደረባ ፈልጊ። አስተማሪ ነሽ፣ እዚያም አስተማሪ አይጠፋም። «ውሃው ሲቀላ ደውልልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን ደውል» በይው። ይህ አንድ ስልክ አንድ ሰዓት ሊያተርፍላችሁ ይችላል።

አባትሽ «በኔ ዕድሜ እዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም» ካሉ፣ ስለ ድሬዳዋ አጫውቻቸው። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። በ1998 ክረምት በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ብዙዎቹ ተኝተው ነበር። በዚያው ክረምት ኦሞ ሞልቶ ታች ዳሰነች በመቶዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ኦሞ ደግሞ የሩቅ ውሃ አይደለም፣ የእኛው ጊቤ ነው ወርዶ ኦሞ የሚሆነው። ለማስፈራራት ብለሽ አታውሪ። አንድ ጊዜ፣ በረጋ ድምፅ፣ ንገሪያቸው፤ ይበቃል።

አሁን ወደ ላሟ እንምጣ። በቅንፍ ነው የጻፍሻት፣ እንደ ትርፍ ነገር። እኔ ግን ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነብ ዓይኔ የሚያርፈው እዚያች ቅንፍ ላይ ነው። አባትሽ ለምን እንደማይሄዱ ነግረውሻል። «እሷን ጥዬ የት እሄዳለሁ?» ብለዋል። አንቺ እንደ ሰበብ ሰማሽው። ሰበብ አይደለም። ጠዋት የሚያልቧት፣ የሚያወሯት፣ እናትሽ ካረፈች ወዲህ የምትጠብቃቸው ነፍስ እሷ ናት። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ላም የለም።

ስለዚህ ከአባትሽ በፊት ለላሟ ማደሪያ ፈልጊ። ከናንተ ከፍ ብሎ ያለ ሰው፣ ግቢ ያለው፣ አንድ ላም ለሌሊት የሚያስጠጋ። ክረምቱን ሙሉ እዚያ ብታድርማ የበለጠ ጥሩ ነው፤ አባትሽ ጠዋት ማታ ለማለብ ዳገቱን ይወጣሉ፣ ከዚያ ግቢ ሰዎችም ጋር ይለመዳሉ። ውሃ በመጣ ሌሊት «ቤታችንን ጥለን እንውጣ» ማለት አይጠበቅብሽም። «አባዬ፣ ላሟ ጋ እንሂድ» ትያለሽ።

እስከዚያው ግን ታስራ አታድር። ይህንን አደራ። ከብት መዋኘት ይችላል፤ የሚገድለው ገመዱ ነው። ታስራ ሳለች ውሃው ድንገት ቢቀድማችሁ ገመዷን ፍቱና ልቀቋት።

እድራችሁንም አትርሺ። እድር ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ጡሩንባ የሚነፋ ሰው አለው። ለቀብር ብቻ ነው ያለው ማነው? ወንዝ ዳር ያላችሁት አንቺና አባትሽ ብቻ አትመስሉኝም። የእድሩን ዳኛ አነጋግሪና ቀዩ ቀለበት ሲነካ ጡሩንባው ይነፋ። በየተራ የሚያድር ሰው ይመደብ። ቢያንስ አንቺ በሁለት ቀን አንድ ሌሊት ትተኛለሽ። ቀን ስታስተምሪ ውለሽ ማታ ሁሉ ነቅተሽ ማደር አትችይም። ቀበሌም የምትሄጂበት ምክንያት ይኼ ነው፦ ቱቦው ይጠረግ፣ የትኛው ትምህርት ቤት ወይም አዳራሽ ሌሊት እንደሚከፈት ይታወቅ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ይነገር። አባትሽን ለማስነሳት አይደለም።

የሚወጣው ዕቃ ትንሽ ነው። የቤት ካርታ፣ መታወቂያ፣ የእናትሽ ፎቶ፣ የአባትሽ መድኃኒት ካለ፣ ብር፣ ልብስ። በሁለት ፌስታል ደራርበሽ ቋጥሪና በር ላይ ስቀዪው። በቆሎውን ከመሬት አንሺና ቆጥ ላይ አውጪው፤ አንዴ ውሃ የነካው በቆሎ ሻጋታ ከያዘ ለሰውም ለላሟም አይሆንም፣ ታጥቦም አይድንም። ከመውጣታችሁ በፊት መብራቱን ከቆጣሪው አጥፊ። ቆጣሪው ጋ ውሃ ከደረሰ ግን አትንኪው። በሩንም አባትሽ ይቆልፉት፣ ቁልፉንም እሳቸው ይያዙት። ይህን ለምን እንደምልሽ ታውቂያለሽ።

እና እህቴ፣ ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ ውሃው ቀዩ ላይ ደርሶ፣ አሁንም አልወጣም ካሉ? ያኔ ሁለት ጎረምሳ ጎረቤት ጠርተሽ ተሸክመሽ አውጫቸው። ይቅርታውን ሲነጋ ትጠይቂያለሽ። አያቴም በመጨረሻ ይቅር ብላለች።

ውሃው ከሄደ በኋላ ያለው ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። የጭቃ ቤት ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ውሃው ከጎደለ በኋላ ነው፤ ታችኛው ምርጊት ርሶ ይለቃል፣ ምሰሶውም ይላላል። በቀን ግቡ፣ መጀመሪያ ከውጭ ዞራችሁ እዩት፤ ያዘመመ ግድግዳ ካለ አትግቡ። ስትገቡ በዱላ እየነካካችሁ ይሁን፣ እባብ ሸሽቶ የሚገባው ደረቅ ጥግ ነው። የጉድጓድ ውሃችሁን ለጊዜው እርሱት። የሽንት ቤት ጉድጓዶች ሞልተው ከጎርፉ ጋር ተቀላቅለዋል፤ አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) የሚመጣው ከዚያ ነው። የምትጠጡትን በንጹሕ ነጠላ አጥልሉና አፍሉ፣ ከፈላ በኋላም አንድ ሁለት ደቂቃ ይንተክተክ። ውሃ አጋር ካገኘሽም ጥሩ ነው፣ ግን ደፍራሽ ውሃ ሳይጠለል መድኃኒቱ አቅም ያጣል፤ መጠኑን ጠርሙሱ ላይ ያለውን ተከተይ። የጤና ኤክስቴንሽኗን ጉድጓዱን እንድታይላችሁ ጥሪያት። ተቅማጥ ከጀመረ ኦአርኤስ አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠሽ ስጫቸው፣ ሳትውይ ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው። ሽማግሌ ሰው ቶሎ ይደርቃል።

ወባው ደግሞ ቆይቶ ነው የሚመጣው። ቢንቢዋ በተኛው ውሃ እንቁላሏን ጥላ አዲሱ እስኪበር ሳምንት ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ሰው ጎርፉን ሲረሳ ትኩሳቱ ይጀምራል። አጎበሩን ከጭቃው አውጥተሽ እጠቢው፣ ጥላ ላይ አድርቂው። ትኩሳት በ24 ሰዓት ውስጥ ይመርመር፣ «ብርድ ነው» አይባል።

ለወንድምሽ የምትነግሪው ነገር ደግሞ አለኝ። ቁጣው የሚመጣው ከሩቅ ሆኖ ምንም ማድረግ ስለማይችል ነው። ሥራ ስጪው። ክረምቱ ሲወጣ፣ ጥቅምት ላይ፣ ገንዘብ ይላክ። የቤቱ ታችኛው ክፍል በድንጋይ ከፍ ይበል፣ ወለሉ ይደልደል፣ በጓሮ በኩል ቦይ ይቆፈር። አዲሱን ምርጊት ጭዱ በደንብ ገብቶበት ይቦካ። በራሰ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ እንዳትለስኑ፤ እርጥበቱ ውስጡ እንደታመቀ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ይህን እንዲከታተል ለሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስዶ ቢመጣ ደግሞ አባትሽ ከአንቺና ከላሟ ሌላ ሰው ያገኛሉ። ስለ አዲስ አበባ ያኔ፣ ሦስታችሁም ቁጭ ብላችሁ፣ ደረቅ ወቅት ላይ ተነጋገሩ። ምናልባት እዚያው ከተማችሁ ከፍ ያለው ሰፈር አንዲት ቤት ከላም በረት ጋር ትገኝ ይሆናል።

አሁን ነሐሴ ሳይገባ ቀለሙን ግዢ። ነጩን የት ላይ እንደቀቡት ጻፊልኝ። የላሟን ስምም አልነገርሽኝም።